ትንፋሽ ሲያጥር፦ የትኛው የድንገተኛ መድኃኒት ለየትኛው ሕመም?

በሀገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ መገኘቱ ይፋ ከተደረገበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ወዲህ «ትንፋሽ አጠረኝ» የሚለው ቃል በየቤቱ ድንጋጤ የሚፈጥር ሆኗል። ቀድሞ ዳገት ወጥቶ ቁና ቁና የሚተነፍስ ሰው አረፍ ብሎ መንገዱን ይቀጥል ነበር። ዛሬ በዙሪያው ያለው ሁሉ ይረበሻል፤ አንዱ ባሕር ዛፍ አፍልቶ ያጥነዋል፣ ሌላው ከጎረቤት የተረፈ ክኒን ያቀብለዋል፣ ሌላው ደግሞ ወደ ሐኪም ቤት ቢሄድ በሽታ ይዞ ይመለሳል በሚል ፍርሃት ከቤት ያስቀረዋል። ሁሉም በጎ አስበው የሚያደርጉት ነው። ሆኖም በዚህ መካከል የሚያልፈው ጊዜ ተመልሶ የማይገኝ ሊሆን ይችላል።

የትንፋሽ ማጠር አንድ በሽታ አይደለም። በአስም ሕመምተኛ ላይ የሚጠበበው ወደ ሳንባ አየር የሚያስገቡት ቀጫጭን ቧንቧዎች ናቸው። ኮቪድ-19 በጸናበት ሰው ላይ ችግሩ ያለው ከቧንቧዎቹ መጨረሻ፣ ኦክስጅን ወደ ደም በሚሻገርባቸው የሳንባ ከረጢቶች ውስጥ ነው፤ ከረጢቶቹ በብግነትና በፈሳሽ ይሞላሉ። በከባድ አለርጂ ጊዜ ደግሞ ምላስና ጉሮሮ ያብጣሉ፣ ቧንቧዎቹ ይጠባሉ፣ የደም ግፊትም አብሮ ይወርዳል። ሦስቱ ከውጭ ለሚመለከት ሰው ይመሳሰላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። ለአንዱ ሕይወት የሚያድነው ለሌላው አይጠቅምም፣ አንዳንዴም ይጎዳል።

ይህ ጽሑፍ አንባቢው በራሱ መርፌ እንዲወጋ ወይም መድኃኒት እንዲያዝዝ የተዘጋጀ አይደለም። ዓላማው የትኛው መድኃኒት ምን እንደሚሠራ ዐውቆ በጊዜ እንዲንቀሳቀስ፣ ሕክምና ሲሰጠውም ምን እየተደረገለት እንደሆነ እንዲረዳና ለመጠየቅ እንዳይፈራ ነው።

ለከባድ አለርጂ ቀዳሚው መድኃኒት አድሬናሊን ነው

አለርጂ የሚባለው የሰውነት የመከላከያ ኃይል ጉዳት የሌለውን ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሣበት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በማስነጠስ፣ በማሳከክ ወይም በቆዳ ሽፍታ ያልፋል። አልፎ አልፎ ግን መላ ሰውነትን በደቂቃዎች ውስጥ የሚያናውጥ ይሆናል፤ ይህ በሕክምናው ቋንቋ አናፊላክሲስ ይባላል። በሀገራችን ከሚያስነሡት ነገሮች መካከል የፔኒሲሊን መርፌና ሌሎች ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች፣ የንብ ንድፊያ፣ እንደ ለውዝ፣ ዓሣና እንቁላል ያሉ ምግቦች ይገኙበታል። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ሀገር እንደመሆኗ ስለ ንብ የምንለው ለጥቂት ሰዎች ብቻ የሚጠቅም ነገር አይደለም። ለዓመታት ተነድፎ ምንም ያልሆነ ማር ቆራጭ አንድ ቀን በአንዲት ንብ ሊወድቅ ይችላል።

ምልክቱ ድንገተኛ ነው። ሰውየው መድኃኒቱን ከተወጋ፣ ምግቡን ከበላ ወይም ከተነደፈ ጥቂት ቆይቶ መዳፉና እግሩ ሥር ያሳክከዋል፤ ቆዳው ይቀላል፤ ትንኝ የነከሰው የሚመስል እብጠት በገላው ላይ ይወጣል። ከዚያ ከንፈሩና ምላሱ ያብጣሉ፣ ድምፁ ይጎረንናል፣ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ሊያስመልሰው፣ ሆዱን ሊቆርጠው፣ ሊያዞረውም ይችላል። አንዳንዶቹ «የምሞት መሰለኝ» ይላሉ፤ ይህንን አባባል ችላ ማለት አይገባም። ሽፍታ ሳይታይ ትንፋሽ ብቻ የሚታገድበት ጊዜም ስላለ፣ ቆዳው ንጹሕ ነው ብሎ መዘናጋት ስሕተት ነው። በደም ሥር የተሰጠ መድኃኒት ያስነሣው አለርጂ በ5 ደቂቃ ገደማ፣ የነፍሳት ንድፊያ በሩብ ሰዓት፣ ምግብ ደግሞ በግማሽ ሰዓት ገደማ ልብን እስከማቆም ሊደርስ ይችላል።

በዚህ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰጠው አድሬናሊን ነው። አድሬናሊን ከኩላሊቶቻችን በላይ ካሉት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች የሚመነጭ፣ በድንጋጤ ጊዜ ልባችንን የሚያስመታው ንጥረ ነገር ነው። ጃፓናዊው ኬሚስት ጆኪቺ ታካሚኔ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ አጣርቶ ካወጣው ወዲህ የድንገተኛ ሕክምና ዋና መሣሪያ ሆኖ ቆይቷል። ሌላ መድኃኒት ያልተካው ብዙ ሥራን በአንድ ጊዜ ስለሚሠራ ነው፦ የላሉትን የደም ሥሮች አጥብቆ የወረደውን ግፊት ይመልሳል፣ የጉሮሮን እብጠት ያሳንሳል፣ የጠበቡትን የአየር ቧንቧዎች ይከፍታል፣ ልብንም ያበረታል። ከዚህም በላይ አለርጂውን የሚያቀጣጥሉት ሕዋሳት ተጨማሪ ኬሚካል እንዳይረጩ ይገታል።

የሚወጋው በጭን መሐል በውጭ በኩል ባለው ጡንቻ ላይ ነው። ከዚያ ቦታ በፍጥነት ወደ ደም ይገባል፤ በክንድ ወይም ከቆዳ ሥር ሲሰጥ ይዘገያል። በሀገራችን የጤና ተቋማት የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሚሊ ሊትር የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ አንድ ሚሊ ግራም የያዘው ነው፤ ለአዋቂ የሚሰጠው ግማሹ፣ ማለትም 0.5 ሚሊ ግራም ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 0.3፣ ከዚያ ለሚያንስ ሕፃን 0.15 ሚሊ ግራም ይሰጣል። ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ከተወጉ በኋላ ልብ መምታት፣ እጅ መንቀጥቀጥና ፊት መገርጣት ይኖራል፤ ይህ መድኃኒቱ መሥራቱን የሚያሳይ እንጂ አዲስ ሕመም አይደለም። «የልብ ሕመም ስላለባት አድሬናሊን አትወጋም» የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ሕይወትን ከሚያሰጋ አለርጂ ጋር ሲነጻጸር አድሬናሊንን ፈጽሞ የሚከለክል ምክንያት የለም።

እዚህ ላይ በግልጽ መነገር ያለበት አንድ ልማድ አለ። ከባድ አለርጂ ለገጠመው ሰው በቅድሚያ የአለርጂ ክኒን ወይም የሃይድሮኮርቲሶን መርፌ ሰጥቶ «እስኪ እንየው» ማለት በመኖሪያ ቤትም በሕክምና ቦታም ይታያል። ፀረ ሂስታሚን የሚባሉት ክኒኖችና መርፌዎች ማሳከክንና ሽፍታን ያስታግሣሉ፤ ያበጠ ጉሮሮን አይከፍቱም፣ የወረደ ግፊትንም አያነሡም። ሃይድሮኮርቲሶን ውጤቱ የሚታየው ከሰዓታት በኋላ ነው። ጉሮሮው በደቂቃዎች ውስጥ ለሚዘጋ ሰው በሰዓታት የሚሠራ መድኃኒት ብቻውን ምን ያደርጋል? ሁለቱም ከአድሬናሊን በኋላ ተጨማሪ ሆነው ሊሰጡ ይችላሉ፤ እርሱን ግን አይተኩም፣ አይቀድሙትምም። ስለዚህ ታማሚን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ «መርፌ ከተወጋ በኋላ ጉሮሮው አበጠ፤ አድሬናሊን ያስፈልገው ይሆን?» ብለው ቢጠይቁ ድፍረት አይደለም። ጥያቄዎ ጊዜ ያተርፋል።

ርዳታ እስኪደርስ ታማሚውን በጀርባው አስተኝተው እግሩን ከፍ ያድርጉለት። ትንፋሹ ከከበደው ግን ይቀመጥ፣ እግሮቹም ይዘርጉ። ነፍሰ ጡር ከሆነች በግራ ጎኗ ትተኛ፤ የሚያስመልሰውም ሰው በጎኑ ይሁን። በምንም ምክንያት እንዲቆም ወይም በእግሩ እንዲሄድ አያድርጉ። የተሻለው መስሎ ተነሥቶ ወደ መኪና ሲራመድ የወደቀ ሰው ጥቂት አይደለም፤ በዚያች ቅጽበት ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ስለሚያንስ ልብ ባዶዋን ትመታለች። ወደ መኪናው በቃሬዛ ወይም በጋቢ ተሸክመው ያድርሱት። ካገገመም በኋላ አለርጂው ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ባለሙያው ሳያሰናብተው ከጤና ተቋም አይውጣ።

በውጭ የሚኖሩ ዘመዶቻችን በሐኪም ታዞላቸው የሚይዙት፣ አድሬናሊን የተሞላ እስክሪብቶ መሰል መርፌ አለ። ከሀገር ውስጥ ገበያ በቀላሉ አይገኝም። በዘመድ በኩል የደረሰው ሰው ካለ፣ አጠቃቀሙን ከባለሙያ ተምሮ ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ ያስቀምጠው፤ በረዶ ማድረጊያ ውስጥም አያስገባው። በልብስ ላይ ሆኖም በጭን ላይ ሊወጋ ይችላል። ከተጠቀሙበት በኋላ ግን መድኃኒቱ የሚገዛው ጊዜ አጭር ስለሆነ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ግዴታ ነው።

ከክትባት በኋላ ለምን 15 ደቂቃ ይቆያሉ?

የኮቪድ-19 ክትባት የተከተበ ሰው ለ15 ደቂቃ እንዲቀመጥ የሚደረገው ከላይ በተገለጸው ምክንያት ነው። ቀደም ሲል ከባድ አለርጂ የገጠመው ሰው 30 ደቂቃ ይቆያል። በክትባት ምክንያት የሚነሣ ከባድ አለርጂ እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት ነው፤ ከሚሊዮን መጠን ውስጥ በጣት የሚቆጠር ሰው ነው የሚገጥመው። ብዙውን ጊዜም የሚጀምረው በነዚያ የመጀመሪያ ደቂቃዎች በመሆኑ፣ አድሬናሊንና ባለሙያ ባለበት ሥፍራ ሆነው ቢገጥምዎ ይታከማል። ሥራ አለኝ ብለው ቶሎ የሚሄዱ ሰዎች ራሳቸውን ከዚህ ጥበቃ ያወጣሉ።

መርፌ ሲያይ የሚደነግጥ ሰው ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል፤ ይህ አለርጂ አይደለም። ፊቱ ይገረጣል፣ ያልበዋል፣ የልብ ምቱ ይዘገያል፣ ሲተኛ ግን በአንድ ሁለት ደቂቃ ይመለሳል። ሽፍታ፣ እብጠት ወይም ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ አይኖረውም። ልዩነቱን መለየት የባለሙያው ሥራ ነው፤ የእርስዎ ድርሻ ምንም ዓይነት ለውጥ ሲሰማዎት ሳያፍሩ መናገር ነው። ከመከተብዎ በፊትም ከዚህ ቀደም በየትኛው መድኃኒት እንደታመሙ ይንገሩ። ለአቧራ፣ ለቅዝቃዜ ወይም ለአበባ ብናኝ የሚያስነጥስ ሰው በዚያ ምክንያት ብቻ ክትባቱን አይተውም።

አስም፦ የሳልቡታሞል ድርሻ

በወረርሽኙ ጊዜ ብዙ የአስም ሕመምተኞች ሁለት ፍርሃት ገጥሟቸዋል። አንደኛው በየቀኑ የሚወስዱት የስቴሮይድ ፓፍ የሰውነታቸውን መከላከያ ያዳክማል የሚል ነው። በዚህ ምክንያት መድኃኒታቸውን ያቋረጡ አሉ። እንዲህ ማድረግ አይገባም፤ በሚገባ የተያዘ አስም በአደገኛ ሁኔታ ከሚቀሰቀስ አስም ይሻላል፤ መድኃኒቱም የሚሠራው በዋናነት በአየር ቧንቧዎቹ ላይ ነው። ሁለተኛው ፍርሃት ከወረርሽኙ ቀድሞ የነበረ ነው፤ «ፓፍ ከተጀመረ አይቆምም፤ የመጨረሻ መድኃኒት ነው» የሚል እምነት በብዙ ሰው ዘንድ አለ። ይህም እውነት አይደለም። በአፍ የሚሳበው መድኃኒት በቀጥታ ወደ ታመመው ቦታ ስለሚደርስ ከክኒኑ ባነሰ መጠን፣ በፍጥነትና በአነስተኛ የጎንዮሽ ጉዳት ይሠራል። የሳልቡታሞል ክኒንና ሽሮፕ ግን ዘግይቶ ይሠራል፣ የእጅ መንቀጥቀጥና የልብ መምታትንም ያበዛል።

በሰማያዊ ዕቃ የሚታወቀው ሳልቡታሞል ቧንቧዎቹን የሚጨምቀውን ጡንቻ ያላላል። በ5 ደቂቃ ውስጥ ማገዝ ይጀምርና ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። ነገር ግን ብግነቱን አያጠፋም። ጣራው የሚያፈስ ቤት ውስጥ ውሃውን በባልዲ እንደመቅዳት ነው፤ ቀዳዳው ካልተደፈነ ባልዲው መሙላቱ አይቀርም። ቀዳዳውን የሚደፍነው በየቀኑ የሚወሰደው የስቴሮይድ ፓፍ ነው፤ ቤክሎሜታሶን አንዱ ነው። ሰማያዊውን በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ የሚፈልግ ሰው አስሙ አልተያዘም ማለት ስለሆነ ሐኪሙን ያማክር።

ሕመሙ ሲነሣ ታማሚው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ አይተኛ። ዕቃው በሚገባ ይናጥ፤ አንድ ጊዜ ተረጭቶ ሲሳብ ቆይቶ ሌላው ይደገም። በአንድ ጊዜ ሁለትና ሦስት መርጨት መድኃኒቱን ያባክናል። ከባድ ሕመም ሲሆን ከ4 እስከ 10 ጊዜ፣ በየ20 ደቂቃው፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ሊሰጥ ይችላል፤ ይህ ሁሉ ሲደረግ ግን ታማሚው ወደ ጤና ተቋም በመጓዝ ላይ መሆን አለበት። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራርጥ መናገር ያቃተው፣ ከጎድን አጥንቶቹ መካከል ቆዳው ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም ድካም ያሸነፈው ሰው ቤት ሊቆይ አይገባም። ሲር ሲር ይል የነበረው ደረት ድንገት ጸጥ ካለ ደግሞ ተሽሎት ነው ብለው አይደሰቱ፤ አየር መግባትም መውጣትም ስላቆመ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው፣ በተለይ ሕፃናትና አረጋውያን፣ መርጨቱንና መሳቡን በአንድ ጊዜ ማስተባበር ያቅታቸዋል፤ መድኃኒቱ ጉሮሯቸው ላይ ይቀራል። ለዚህ መፍትሔው ስፔሰር የሚባል ባዶ ዕቃ ነው። በገበያ ካልተገኘ በተለምዶ ሃይላንድ የምንለው የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ያገለግላል፤ በደቡብ አፍሪካ በሕፃናት ላይ ተሞክሮ በሚገባ እንደሚሠራ ታይቷል። ፕላስቲኩን በሳሙና አጥበው፣ ሳይወለውሉ፣ በራሱ እንዲደርቅ ይተዉት፤ በጨርቅ ከታሸ በውስጡ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ጠለፋ መድኃኒቱን ይይዘዋል። ከታች በመቀመጫው ላይ የመድኃኒቱን አፍ ልክ የሚያስገባ ቀዳዳ በጥንቃቄ ያውጡ፤ ዙሪያው አየር እንዳያስወጣ ይጠብቅ። ታማሚው የፕላስቲኩን አፍ በከንፈሩ ይግጠም። አንድ ጊዜ ተረጭቶ አራት አምስት ጊዜ ይተንፍስበት፤ ከዚያ ሌላው ይቀጥል። ዕቃው ለአንድ ሰው ብቻ ይሁን። በወረርሽኙ ጊዜ የጤና ተቋማት መድኃኒቱን በጭጋግ መልክ ከሚያወጣው ኔቡላይዘር ይልቅ ይህንን ይመርጡ የነበረው፣ የኔቡላይዘሩ ጭጋግ ቫይረሱን በክፍሉ ሊበትን ስለሚችል ነው።

ሕመሙ ከባድ ሲሆን ሐኪሙ ፕሬድኒሶሎን ክኒን ወይም ሃይድሮኮርቲሶን ይጨምራል። እነዚህ ከሰዓታት በኋላ ስለሚሠሩ ቶሎ መጀመራቸው ይጠቅማል። ለተራ የአስም ሕመም አድሬናሊን መውጋት ድሮ የነበረ አሠራር ነው፤ ዛሬ አስሙ ከከባድ አለርጂ ጋር ካልመጣ በቀር አይመከርም።

ኦክስጅንም መድኃኒት ነው

ኮቪድ-19 ሳንባውን ላጠቃው ሰው ሳልቡታሞል ጥቅም የለውም፤ አስም አብሮ ከሌለበት በቀር። ለእርሱ የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነው። የዚህ በሽታ አስቸጋሪነት፣ ኦክስጅኑ የወረደ ሰው ብዙ ሳይጨነቅ ሲያወራ ሊገኝ መቻሉ ነው። ስለዚህ በጣት ላይ የሚሰካው መለኪያ ለኮቪድ ታማሚ ጠቃሚ ነው። ከመለካትዎ በፊት የጥፍር ቀለም ወይም ጥቁር ሂና ካለ በሌላ ጣት ይለኩ፤ እጅ ከቀዘቀዘም ያሙቁት። ቁጥሩ እስኪረጋጋ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠብቁ።

ከ94 በመቶ በታች ከሆነ ባለሙያ ያማክሩ፤ ከ90 በታች ከሆነ ድንገተኛ ነው። በከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው ይህንን ልብ ሊል ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የጤነኛ ሰው ቁጥር በቆላ ካለው ሰው በጥቂቱ ዝቅ ሊል ይችላል። መለኪያው በእጅዎ ካለ በደኅናዎ ቀን ለክተው ይመዝግቡት፤ ሲታመሙ የሚያነጻጽሩት ከዚያ ጋር ይሆናል። ቁጥሩ ደኅና መስሎ ሰውየው ግን እየተጨነቀ ከሆነ፣ የሚታመነው ሰውየው እንጂ መለኪያው አይደለም።

በቤት ውስጥ በሐኪም ትእዛዝ ኦክስጅን የሚወስድ ሰው ካለ ከክፍሉ እሳት ይራቅ። ከሰል፣ ሻማ፣ ሲጋራና እጣን ማለታችን ነው። ቡና ማፍላትም በዚያ ክፍል ይቅር። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ የሚነደውን ግን በኃይል ያቀጣጥላል። ከታዘዘው መጠን በላይ መክፈትም ጥቅም የለውም፤ ሲሊንደሩን ቶሎ ይጨርሳል፣ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለባቸውን ደግሞ ሊጎዳ ይችላል።

ዴክሳሜታሶን የብዙ ሰው መወያያ የሆነው በሰኔ 2012 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሀገር ሪከቨሪ በተባለው ጥናት ውጤቱ ከተገለጸ በኋላ ነው። በቀን 6 ሚሊ ግራም እስከ 10 ቀን ሲሰጥ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከነበሩት ሰዎች መካከል የሞቱትን በሲሶ፣ ኦክስጅን ብቻ ይወስዱ ከነበሩት ደግሞ በአንድ አምስተኛ ቀንሷል። የዚያው ጥናት ሌላኛው ግኝት ግን ብዙም አልተሰማም፦ ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ሰዎች መድኃኒቱ ምንም ጥቅም አላሳየም። ለሳልና ለትኩሳት ብለው ከመድኃኒት ቤት ገዝተው የወሰዱት ሰዎች ጥቅሙ ሳይሆን ጉዳቱ ብቻ ነው የሚደርሳቸው። የስኳር ሕመምተኛውን ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ተኝቶ የነበረ ቲቢን ሊያስነሣ ይችላል፣ ሰውነት ቫይረሱን በሚዋጋበት በመጀመሪያው ሳምንት የመከላከያ ኃይልን ይይዛል። በርካሽ መገኘቱ መልካም ነው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጡ ግን አይደለም።

እንፋሎት መታጠንን በተመለከተ በአጭሩ፦ ቫይረሱን አይገድልም፣ የሳንባ ምችንም አያድንም። የፈላ ውሃ ተደፍቶ ሰው ሊያቃጥል ይችላል፤ ጭስ የተቀላቀለበት ከሆነ አስምን ይቀሰቅሳል። ልጅ ትንፋሹ ፈጥኖ ደረቱ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ ካዩ በቤት መድኃኒት አይሞክሩ፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ከመታመም በፊት የሚዘጋጅ

በአንድ ወረቀት ላይ የቤተሰብዎን አባላት ስም፣ እያንዳንዱ የሚወስደውን መድኃኒትና ያስታመመውን ነገር በግልጽ ጽፈው በር አጠገብ ይለጥፉ። «መርፌ ያመዋል» ብለው አይጻፉ፤ «ፔኒሲሊን ተወግቶ ጉሮሮው አብጦ ነበር» ይበሉ። የመድኃኒቱን ስም ካላወቁ የሰጠዎትን ተቋም ይጠይቁ፤ ማስታወሻ የማግኘት መብት አለዎት። ለሩማቲክ የልብ ሕመም በየወሩ ፔኒሲሊን የሚወጉ ልጆች ወላጆች ይህንን ጉዳይ በተለይ ከባለሙያው ጋር ይነጋገሩበት። መድኃኒቱ ልባቸውን የሚጠብቅ ነውና ስለ አለርጂ ተሰማ ተብሎ አይቋረጥም፤ መርፌው ግን አድሬናሊን ባለበት ተቋም ይሰጥ፣ ልጁም ከተወጋ በኋላ ጥቂት ይቆይ።

የአስም ሕመምተኛ ሰማያዊውን ዕቃ ወደ ገበያም፣ ወደ ለቅሶ ቤትም፣ ወደ እርሻም ይዞት ይሂድ። ስንት ጊዜ እንደተጠቀሙበት ቍጠሩ፤ ብዙዎቹ ዕቃዎች 200 ጊዜ ይረጫሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ጋዝ እንጂ መድኃኒት ላይሆን ይችላል። የሚያበቃበትን ቀን በወር አንድ ጊዜ ይመልከቱ።

በድንገተኛ ጊዜ ለአምቡላንስ 907፣ ስለ ኮቪድ-19 ለመጠየቅና ለማሳወቅ 8335 ወይም 952 በነጻ ይደውሉ። ሲደውሉ ያሉበትን ቦታ በቅድሚያ ይናገሩ፤ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ መድረስ ይቻላል። ቀጥሎ «ንብ ከነደፈው ሩብ ሰዓት ሆነው፤ ምላሱ አብጧል» ወይም «አስም አለባት፤ ሰማያዊውን አሥር ጊዜ ወስዳ አልተሻላትም» ብለው ምን እንደሆነ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነና እስካሁን ምን እንደተሰጠው ይንገሩ። አምቡላንስ የሚዘገይበት አካባቢ ከሆነ ባጃጅም ቢሆን ያዘጋጁ፤ መንገድ ላይ እያሉ ደግሞ ወደሚሄዱበት ጤና ጣቢያ ቀድሞ የሚደውል ሰው ይመድቡ።